ለዘመኑ የምትጣለው ባቄላ

ደረቅ ባቄላ ቁርበት ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ሆዴን ያባባዋል። ባለቤቴ የዘር ባቄላ ልትለቅም ባፈሰሰች ቁጥር፣ እዚህ አውድማዬ ዳር መሆኔ ይቀርና ጎባ ሄጄ የኔታ እግር ሥር እቀመጣለሁ። ለእኔ ሒሳብ ሽታ አለው። የጽድ ጭስ፣ የረጠበ የሣር ክዳንና የአሮጌ ቁርበት ሽታ ነው።

ያን ጊዜ ጎባ ገና ከተማ አልሆነችም። ወላጆቻችን ሹሙን ተከትለው ከሰሜን መጥተው የሰፈሩባት፣ ግማሿ ድንኳን ግማሿ ጎጆ የሆነች ቦታ ነበረች። መሬቱን ከማን እንደወሰድነው የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ሌላ ደብር በቅርብ ስለሌለ ጾምና በዓል የሚውሉበትን ቀን ቀምረው የሚያወጡልን የኔታ ብቻ ነበሩ። ጹሙ ካሉን እንጾማለን፣ ብሉ ካሉን እንበላለን።

እኔ ጢሜ ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ቁጥር የሚገባኝም እኔ ነበርኩ። ከፋሲካ በኋላ ወደ ጳጳሱ ወስደው ድቁና ሊያሰጡኝ ለእናቴ ቃል ገብተውላታል። እናቴም ለዚያ ቀን ብላ ጥጥ ፈትላ ኩታ አሠርታልኛለች።

የኔታ ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያሉትን ዓመታት በአሥራ ዘጠኝ ይገድፉና፣ ማለትም ያካፍሉና፣ የተረፈውን በባቄላ ቁርበቱ ላይ ይደረድሩታል። ከዚያ ከረድፉ አንዷን አንስተው ወደ ኋላቸው ይወረውራሉ። "ይሄኛው ዓመት ገና አላለቀም፤ ያላለቀ አይቆጠርም። አንዷን ለዘመኑ ጣላት" ይሉን ነበር። ያቺ አንዷ ካልተጣለች የዓመቱ ጾም በሙሉ ከቦታው ይናጋል።

በዚያ ዓመት ሹሙ ልጁን ሊድር ነበርና፣ የኔታ ባቄላውን እንደደረደሩ መልእክተኛው መጥቶ ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት መቼ ይሁን ብሎ አጣደፋቸው። የኔታ ሹም ይፈራሉ። ቶሎ ቶሎ አባዝተው ቀኑን ነገሩት። ወዲያው ከደሎ መና ማር ወጣ፣ ጠጅ ተጣለ፣ ሰንጋዎች ታሰሩ።

ከቀናት በኋላ ለራሴ ልለማመድ ብዬ ሒሳቡን ብደግመው አልገጥም አለኝ። ደጋግሜ ሠራሁት። የኔታ አንዷን ባቄላ ሳይጥሏት ቀርተዋል። ጾሙ እሳቸው ካሉት ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይገባል፤ የሹሙ ሠርግ ደግሞ ዐቢይ ጾም ውስጥ ሊውል ነው።

ሰው ፊት እንዲያፍሩ አልፈለግኩም። ጠጎና ወንዝ ልብስ ሊያጥቡ ሲወርዱ ተከትዬ ብቻቸውን ነገርኳቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው አመድ መሰለ። "ልክ ነህ ልጄ" አሉኝ። "ለማንም አትንገር። እሑድ ራሴ አስተካክለዋለሁ።" ግንባሬን ሳሙኝ። ያን ዕለት ዳገቱን ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ኮሶው ዛፍ ሥር እንደተቀመጠ የኔታ ተነሥተው ጾሙ ቀድሞ እንደሚገባ ተናገሩ። ሹሙ ካባውን ሰብሰብ አድርጎ "ጠጁ ከተጣለ፣ አገሩ ከተጠራ በኋላ? የፊተኛውን ሒሳብ ማን ነው ያወጣው?" አለ።

 የኔታ መቋሚያቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

"ይሄ ልጅ ነው። አምኜው ነው እንጂ እኔ አላየሁትም።"

 ተማሪ የኔታውን ሰው ፊት ሐሰተኛ አይልም፤ ብልስ ማን ያምነኛል? ዓይናቸውን ፈለግኩት፤ እሳቸው ግን መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት። እናቴን ብፈልጋት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር። ቤት ስንገባ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "የኔታን እንዲህ ታዋርዳቸው?" እኔ አይደለሁም አልኳት። "እሳቸውማ አይዋሹም" አለችኝ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ድቁናውን ሌላ ተማሪ ሄዶ ተቀበለ። ኩታዬን እናቴ አጥፋ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ከሰፈሩ ወጥቼ ሮቤ መንገድ ዳር ገብስ ማረስ ያዝኩ።

በዓመቱ ገብሱ ሲወቃ የኔታ በእግራቸው አውድማዬ ድረስ መጡ። ስለ በሬዎቼ ጠየቁኝ፣ ስለ ውርጩ አወሩልኝ። ከዚያ ከጉያቸው ባቄላ አውጥተው ቁርበቴ ላይ ደረደሩና "እስቲ አብረን እንየው" አሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይሄ ነው። ላባርራቸው ፈልጌ ነበር። አንዷን ሳይጥሉ ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ እኔም አንዷን ባቄላ አንስቼ ወደ ኋላዬ ወረወርኩላቸው። እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ መጡ። ሕዝቡ በትክክል የጾመው ከእኔ አውድማ በወጣ ሒሳብ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ግን አልነበረም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና፣ ስለዚያች እሑድ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይሄዱ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ዓይናቸው ፈዝዞ ሰው እየመራቸው መጡ። የምትጣለውን ባቄላ ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ፤ ባቄላዋን መዳፌ ላይ አድርገው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። "ዘንድሮ ውርጩ ከፋ" አሉኝና ተነሡ።

እናቴ እውነቱን ከእሳቸው አፍ ሳትሰማ ሞተች። ዛሬ ጎባ ሌሎች መምህራን አሏት፤ እዚህ ድረስ መጥቶ የሚጠይቀኝ የለም። ገብሱ በተወቃ ቁጥር ግን ባቄላውን እደረድራለሁ፣ ሒሳቡንም አወጣለሁ። አንዷን ወደ ኋላዬ ከመወርወሬ በፊት ቀና ብዬ የጎባን መንገድ አያለሁ።