የእትዬ ፓነል

እጄ አያርፍም። ልጅ ሆኜ የቤታችንን ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ ስገጥም ሁልጊዜ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፈኝ ነበር። ሬዲዮው ይሠራል፣ እኔም የተረፈውን ብሎን ኪሴ ከትቼ ዝም እላለሁ። ስለዚህ የካ ዳገቱ ላይ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ አድርጎ ሲቀጥረኝ ምን እንደገጠመው አላወቀም ማለት ይቻላል።

ጊዜው የፍላሽ ቫይረስ ዘመን ነበር። አንዱ ጉርድ ሾላ ካለው ዋናው ቢሮ ሪፖርት በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓት በኋላ የቢሮው ዘጠኝም ማሽን ውስጥ ያለው ፎልደር የማይከፈት ሾርትከት ሆኖ ይገኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ ማጽዳት ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁን ለምኜ ለምኜ ዘጠኙንም ከዊንዶውስ አውጥቼ እነዚያ ቫይረሶች ወደማይነኩት፣ ሊኑክስ ወደሚባል ነፃ ሲስተም ቀየርኳቸው። ቫይረሱ በአንድ ቀን ጠፋ። በምትኩ ከየክፍሉ "ና እስኪ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው?" የሚል ጥሪ ይዘንብብኝ ጀመር።

ከሁሉ ያሳሰቡኝ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ናቸው። እትዬ ነበር የምላቸው። በታይፕራይተር ዘመን የተቀጠሩ፣ ጣታቸውን ሳያዩ የሚጽፉ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ነበሩ። አዲሱ ዴስክቶፕ ላይ ፓነሉ፣ ማለትም ሰዓቱና ድምፁ የሚታይበት ጥቁር መስመር፣ እንደ ድሮው ከታች ሳይሆን ከስክሪኑ አናት ላይ ነው። ማውሱን ወደ ግራው የላይ ጥግ ገፋ ካደረጉት ደግሞ የከፈቱት ገጽ ሁሉ ተኮማትሮ ይበተናል፣ የፈለጉትን መርጠው እንዲገቡ ታስቦ። እትዬ በመጀመሪያው ቀን ሳያውቁ ጥጉን ነኩት። የሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ከፊታቸው ተኮማትሮ ሲሸሽ "በኢየሱስ ስም!" ብለው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፉት። ሂሳብ ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ወጥተው አዩን። የገሠጹት ማሽኑን ይሁን እኔን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

በዚያ ሰሞን የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቢፒአር በሚሉት የአሠራር ለውጥ ይታመስ ነበር። ታክሲ ውስጥ የሚወራው ስለ ምዘናና ስለ ድልድል ብቻ ነው። እኛ የመንግሥት ባንሆንም ነገሩ ተጋባብንና ከዋናው ቢሮ ሰርኩላር መጣ። ጸሐፊዎች በሙሉ በአንድ ወር ውስጥ በየራሳቸው ኮምፒውተር ላይ ይፈተናሉ፤ ያላለፈ ደቡብ ወዳለው የፕሮጀክት ጣቢያ መዝገብ ቤት ይዛወራል ይላል። ሰርኩላሩን አባዝተው ለየክፍሉ ያደሉት ራሳቸው እትዬ ናቸው።

የእትዬ ባለቤት ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ግራ ጎናቸው አይታዘዝም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ቤታቸው ከቢሮው በታች ባሕር ዛፉን አልፎ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እትዬ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወርደው ምሳቸውን ያጎርሷቸዋል፣ ያገላብጧቸዋል፣ ሰባት ተኩል ላይ ዳገቱን እያለከለኩ ይወጣሉ። ልጅ የላቸውም። ጣቢያው ደግሞ በአውቶቡስ አንድ ቀን ይፈጃል። እሳቸው ቢዛወሩ ሰውየውን ማን ያጎርሳል? ቢሮ ውስጥ ይህን ጮክ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ግን ጠዋትና ማታ ከወሰን መገናኛ በታክሲ ስመላለስ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነገር ያመጣሁት እኔ ነኝና።

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ "እትዬ፣ የከበደዎት የቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ ግን አርጅተዋል ያልኳቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁና ዝም ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ዘበኛውን ቢሮ አስከፈትኩት። ቅዳሜ ሰው ስለሌለ ኔቱ ሻል ይላል። ሊኑክስ ላይ ኤክስቴንሽን የሚባሉ ትንንሽ ጭማሪዎች አሉ፣ በነፃ ይወርዳሉ፣ ፓነሉን እንደፈለጉ ያደርጉታል። አንዱን ጫንኩና ፓነሉን ከላይ ወደ ታች አወረድኩት። ሌላ ጨመርኩና ግራው ሥር የድሮውን ዊንዶውስ የሚመስል ሜኑ አቆምኩ። ያንን አስደንጋጭ ጥግም የሚያፈዝ አገኘሁለት። አንዱንማ ራሴ ጻፍኩት፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሚያሳይ። ጳጉሜ ብቻዋን ግማሽ ቀን ፈጀችብኝ። ምሳ ሳልበላ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ እኔ ግን ደስታዬ ሌላ ነበር። ማሽኑን ከድሮው ማሽን ለመለየት አፍንጫን አስጠግቶ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛቸው አጠገብ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

"እትዬ፣ አሁን እንደ ድሮው አደረግኩልዎት። ፓነሉ ወርዷል። ያ ያስደነገጠዎት ጥግም ከእንግዲህ አይሠራም።"

ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት። ማውሱን ወደ ላይ ወደ ግራው ጥግ ወሰዱት፣ ምንም አልሆነም፣ መለሱት።

"ይሄን ሁሉ መቼ ሠራኸው?"

"ቅዳሜ። ሙሉ ቀን ፈጀብኝ።"

"ቅዳሜህን! ለእኔ ብለህ! ተባረክ ልጄ፣ እግዚአብሔር ዘመንህን ይባርከው።"

ምርቃቱ ትንሽ ችኮላ ነበረበት። እኔ ደግሞ ስመረቅ አሜን ከማለት አልፌ የመራቂውን ፊት የማይ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየባሰ ሄደ። እትዬ ዘገዩ። በፊት ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸው የነበረ ደብዳቤ አንድ ሰዓት ይፈጅ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍተው ብቅ ይላሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። እኔ ፈተናውን ፈርተው ነው አልኩ። ለፍርሃታቸውም መድኃኒት ያልኩትን ጨመርኩ። አይኮኖቹን አተለቅኩ፣ ቀለም ቀየርኩ፣ ማውሱ ያረፈበትን የሚነግር ጽሑፍ የሚያወጣ ሌላ ኤክስቴንሽን ደረብኩ። በየጠዋቱ ሲገቡ ማሽናቸው አንድ አዲስ ነገር ይዞ ይጠብቃቸዋል። በየጠዋቱም ይመርቁኛል።

ለፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ፕሪንተራቸው ወረቀት ነከሰ። ለምሳ ወርደው ስለነበር ብቻዬን ገብቼ ስጎትት ኪቦርዱ ሥር የተማሪ ደብተር አየሁ፣ ተከፍቶ። የሰው ደብተር ማየት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የተከፈተው ቅጠል ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ስክሪን ነበር፣ እኔ የማውቀው ስክሪን፣ ፓነሉ ከላይ ያለ። ከግራው ጥግ ቀስት ወጥቶ በሚያምረው የእጅ ጽሕፈታቸው "እዚህ ግፊ። ገጾቹ ይበተናሉ። አትደንግጪ" ይላል። ገለጥኩት። ሃያ ሁለት ቅጠል ሙሉ። ፋይል እንዴት እንደሚፈለግ፣ ፕሪንት እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ድምፁ የት እንደሚጠፋ፣ ሁሉም ተስሎ ሁሉም ቁጥር ተሰጥቶታል። ሃያ ሁለቱም ላይ ደግሞ በማስመሪያ አንድ ቀጥ ያለ መሰረዣ መስመር ተሰምሮባቸዋል። ከዚያ በኋላ ፓነሉ ከታች ያለበት አዲስ ሥዕል ይጀምራል። ሦስተኛው ቅጠል ላይ ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ቆሟል።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ስለ ራሴ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሰባት ተኩል ላይ እያለከለኩ ሲገቡ ደብተሩ እጄ ላይ ነበር።

"እትዬ፣ የበፊቱን ለምደውት ነበር እንዴ?"

"ኧረ ምንም አይደል ልጄ። ይሄንንም እደርስበታለሁ።"

"ለምደውት ነበር ወይ?"

ነጠላቸውን አወረዱና እንደገና መልሰው አጣፉት። "በሁለት ሳምንት ነው የጨረስኩት" አሉ። "ቤት ኮምፒውተር የለን፣ ባለቤቴ ነው የሚፈትነኝ። ደብተሩን ደረቱ ላይ አስደግፌለት ያያል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ማውሱ ወዴት እንደሚሄድ እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ የአልጋውን እንጨት በደህናው እጁ ኳ ያደርገዋል። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም። አሁን ለምን አቆምን እያለ በዓይኑ ይጠይቀኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም!" ጮህኩ። እትዬ ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው።

"ቅዳሜህን ሰጥተኸኝ? ምን ብዬ? ቅር እንዳይልህ ብዬ እኮ ነው።"

"እኔን ቅር ከሚለኝ እርስዎ ቢዛወሩ ይሻላል?"

"ጌታ መንገድ ያበጃል ብዬ ነዋ።"

"ጌታማ አበጅቶልዎት ነበር። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ሳቅ አመለጣቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ዓይኔ ረጥቦ ነበር። እሳቸው እኔን ቅር እንዳይለኝ፣ እኔ እሳቸው እንዳይቀየሙ፣ ይሉኝታ ሁለታችንንም ይዞን የታመመውን ሰውዬ ዋጋ ሊያስከፍል ነበር።

ኤክስቴንሽን አንድ ደግነት አለው፣ ይጠፋል። የሁሉም ስም ተደርድሮ ከየስሙ ጎን አንዲት ማብሪያ ማጥፊያ አለች። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ፓነሉ ዘሎ አናቱ ላይ ወጣ። ሜኑው ጠፋ፣ አይኮኖቹ ወደ ልካቸው ተመለሱ። የመጨረሻዋን፣ ያቺን በእኛ አቆጣጠር ቀን የምታሳየውን ላጠፋ ስል እጄን ያዙኝ።

"እሷን ተዋት። እሷ ጥሩ ናት።"

"እውነትዎን ነው ወይስ ቅር እንዳይለኝ?"

"እውነቴን ነው! ደብዳቤ ላይ ቀን ስጽፍ ካላንደር ከማየት ታድነኛለች። ሌላው ግን፣ ልጄ፣ በተለይ ያ እየተከተለ የሚያወራው ጽሑፍ፣ ራስ ምታት ነው።"

አብረን በሠራንበት ጊዜ ሁሉ የሠራሁትን ነገር አልወደድኩትም ሲሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሰማሁ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከዚያ ማውሱን ይዘው ወደ ጥጉ ወረወሩት፣ ገጾቹ ተበተኑ። በዓይናቸው አንዷን መረጡ፣ ገቡባት፣ መጻፍ ጀመሩ። ማንንም አልገሠጹም። ሃያ ሁለቱ የተሰረዙ ቅጠሎች ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ "ትክክል" እያሉ ጻፉባቸውና ደብተሩን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

የፈተናው ቀን ከጉርድ ሾላ ፎርም የያዘች አንዲት ወጣት መጣችና በሩን ዘግተው ተቀመጡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ምንም ያልሆነ ኬብል እየጠገንኩ መብራት እንዳይሄድ እጸልይ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ልጅቷ ወጣች።

"አንተ ነህ ያሠለጠንካቸው?" አለችኝ።

አፌ ላይ "አዎ" መጥቶ ነበር፣ ጠባዬን አውቀዋለሁ። "የለም፣ ቤታቸው ነው የተማሩት" አልኳት።

"ጎበዝ አስተማሪ አላቸው" አለችና ፎርሟ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

የምደባው ደብዳቤ በሳምንቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። እንደ ወጉ ገቢ መዝገብ ላይ ያስገቡት እትዬ ናቸው፣ ስለዚህ ከሥራ አስኪያጁም በፊት ያነበቡት እሳቸው ናቸው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ከንፈራቸውን እመለከት ነበር። "ባሉበት የሥራ መደብ እንዲቀጥሉ" አሉ ቀስ ብለው፣ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያነቡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ማኅተሙን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አንስተው ተነሡ፣ ምንም ሳይሉ በአጠገቤ አልፈው ወጡ። ለምሳ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ይቀረው ነበር። በመስኮቱ ሳይ በባሕር ዛፉ መካከል ቁልቁል በሩጫ ይወርዳሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍተው ባዶውን ወንበር አዩ። ሰዓታቸውን አዩ። ደብዳቤውን አንሥቼ ሰጠኋቸው፣ አነበቡና "እሺ፣ ይሂዱ" ብለው በሩን መልሰው ዘጉ። ትንሽ ቆይቶ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። የሚያነሣው ሰው ስላልነበረ ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ አነሣሁት።

"ሃሎ፣ ጸሐፊዋ የሉም እንዴ?" አለ አንድ ሰውዬ።

"አሉ" አልኩት። በመስኮቱ ወደ ባሕር ዛፉ አየሁ። "አሉ፣ ቤት ደርሰው ይመለሳሉ።"