አንዱ ለማሽኑ፣ አንዱ ለሪያድ

ሪያድ ከተማ ውስጥ የኮምፒውተርን ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ያስሮጠ የመጀመሪያው ሐበሻ እኔ ነኝ። ይህን ባለፈው ሳምንት ፉጣ በሚባለው የሪያድ ሰፈር፣ ስፋቷ ከቁም ሳጥን በማይበልጥ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬዋለሁ። ባለሱቁ ሙራድ የወሎ ልጅ ነው። የልጄን የጌም ኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ እንዳጎነበሰ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ያኔ መብራት ገብቶ ነበር እንዴ ወንድሜ?» አለኝ። ሁለት ደንበኞች ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ሙራድ ጥጥ በአልኮል ነከረና ፕሮሰሰሩ ላይ ደርቆ የቀረውን ነጭ ቅባት መጥረግ ጀመረ።

ሽታው አፍንጫዬ ደረሰ። አልኮል፣ የጋለ አቧራ፣ ኖራ ኖራ የሚል ቅባት። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

«ምነው ጋሼ፣ ሙቀቱ ነው?» አለ ሙራድ። ፊቴን አይቶ ከወንድምነት ወደ ጋሼነት አሳደገኝ ማለት ነው።

የመጀመሪያው እኔ አልነበርኩም። የመጀመሪያዋ እትዬ ነጃት ነበረች። እኔ የመጀመሪያው አበላሺ ነኝ።

ያደግኩት ሹመይሲ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ጀርባ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። እናቴ ነርስ፣ አባቴ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነበሩ። የሕንፃው ሊፍት እኔ ሳልወለድ የተበላሸ፣ ምናልባትም ተበላሽቶ የተገጠመ ነበር። ደረጃው የበረኪናና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ አይለየውም። ከየመስኮቱ የሚንጠባጠበው የሙከይፍ ውኃ፣ አየር ማቀዝቀዣውን እዚህ የምንጠራው እንዲያ ነው፣ ግቢው ውስጥ የራሱን ወንዝ ሠርቶ ነበር። ዓሣው የመጣው ከዚያ ነው ብዬ ለትናንሽ ልጆች አወራ ነበር። ያመኑኝም ነበሩ።

እትዬ ነጃት ከእኛ በር ትይዩ ትኖር ነበር። ባሏ አንዋር የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። እሷ አገር ቤት ኤሌክትሪካል ምህንድስና ተምራ ነው የመጣችው፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ላይ ግን መሥራት እንደማይፈቀድላት ታትሞበታል። ስለዚህ ምህንድስናዋን ወጥ ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው። የሐበሻ ቤተሰቦች ኮምፒውተራቸው ሲያዘግም ተሸክመው ይመጡላታል፤ ቢጫ ያዘለ ነጭ ሣጥኑን ከሽንኩርትና ከቲማቲሙ መካከል አጋድማ ትከፍተዋለች። እኔ ሁል ጊዜ እዚያ ነበርኩ። «ያ ሙሀንዲስ» ትለኝ ነበር። መሐንዲስ ማለቷ ነው፤ የቀልድ ማዕረግ ነው፤ እኔ ግን ትምህርት ቤት ሄጄ በእውነት ሾማኛለች ብዬ አውርቻለሁ።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። አንዋር ከላቦራቶሪ ባመጣላት አልኮል የደረቀውን ቅባት እስኪያበራ ትጠርጋለች። አዲሱን ቅባት የሩዝ ፍሬ ታህል አድርጋ ጠብ ታደርግና ባለቀ የስልክ ካርድ ጠርዝ ታሳሳዋለች። «ሲበዛ ብርድ ልብስ ይሆንበታል» ትል ነበር። ከላዩ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣውንና ከሞተ ማሽን የፈታችውን ትልቅ ፋን ታስራለች። በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የአንዋርን የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር፣ ያንን ቀጭን የመስታወት ዘንግ፣ በክር ታንጠለጥላለች። ፍጥነቱ የሚለወጠው ቦርዱ ላይ ባለች ጃምፐር ነው፤ ሁለት መርፌዎች የምታገናኝ፣ የስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን። ክዳኗን አንድ እርምጃ ታሳድግና ማሽኑን ከባድ ስሌት ታሠራዋለች። ከቻለ ሌላ እርምጃ። እንዲህ እያለች ስክሪኑ ድርቅ እስኪል ትወጣለች። ሲደርቅ ፈገግ ትላለች፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ትመልሰዋለች።

«ለምን ሁለት?» አልኳት አንድ ቀን። «አንድ ብትመልሺውም እኮ ይሠራል።»

«አንዱ ለማሽኑ» አለችኝ፤ «አንዱ ለሪያድ።»

የሪያድን ድርሻ የምትሰፍረው ደግሞ በራሷ ሰውነት ነበር። የመጨረሻው ፈተና ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት፣ በቀትር፣ መስኮቱ ተዘግቶ ሙከይፉ ጠፍቶ ነው። የሪያድ ሰኔ ቀትር ላይ ጥላ ራሱ ጥላ ይፈልጋል። ማሽኑ እያፏጨ ሲያሰላ እሷ ከጎኑ ወንበር ላይ ትቀመጥና በየሩብ ሰዓቱ ቴርሞሜትሩን እያነበበች ደብተር ላይ ትጽፋለች። «ሙከይፍ ባለበት ቤት ማሽን ሁሉ ጨዋ ነው» ትላለች ላቧን እየጠረገች። ከሦስት ሰዓት በኋላም ካልደረቀ ፍጥነቱን፣ ሙቀቱንና ፊርማዋን ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፋ ሣጥኑ ውስጥ ትለጥፋለች። አንድም ማሽን ተመልሶ ሲመጣባት አላየሁም።

ሒክማ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ልቧ ደካማ ነው፤ ሁለት ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። ፈተና ባለ ቀን ሙቀቱ እንዳይጎዳት እኛ ቤት ትመጣና ስዕል ትስላለች። የምትስለው ሁሉ ፋን ነበር። ሰውም ስትስል ክንፍ ታወጣለታለች።

አንድ ጠዋት አንዋር ወደ ሥራ ሲወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ አልተነሳም። ከሦስተኛው ፎቅ እናቴ በነጠላ ጫማ ሮጣ ደረሰች፤ ምንም ማድረግ አልቻለችም። ነሲም መካነ መቃብር ቀበሩት። የእትዬ ነጃትም የሒክማም ኢቃማ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና አዲስ ካፊል፣ ማለትም ኃላፊነት የሚወስድ አሠሪ ካልተገኘ አገር መልቀቅ ግድ ሆነ። አገር መልቀቅ ማለት ደግሞ የሒክማ ክትትልና መድኃኒት መቋረጥ ነበር። ይህን እናቴ በሹክሹክታ ለአባቴ ስትነግረው ሰምቻለሁ። ማንም አልደበቀኝም። አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

መውጫውን ያገኘችው እናቴ ናት። የአንድ የግል ሴቶች ትምህርት ቤት ሙዲራ፣ ማለትም ርእሰ መምህርት፣ እናቷን እናቴ አስታምማላት ነበር። ያኔ ሴት ልጆች ግቢ ውስጥ እያሉ ወንድ ቴክኒሻን አይገባም፤ ጠዋት የቆመ ኮምፒውተር ሁሉም ወደ ቤት እስኪሄድ እንደ ሬሳ ይጠብቃል። ሙዲራዋ ሴት መሐንዲስ ካገኘች ኢቃማዋን ወደ ትምህርት ቤቱ አዛውራለሁ አለች፤ ግን መጀመሪያ ሥራዋን ልይ አለች። የዓመቱ ሰርተፍኬት የሚታተምበትን የቢሮ ኮምፒውተር ላከች። ቀርፋፋነቱ ለጉድ ነው፤ አንድ ሰርተፍኬት አትሞ እስኪጨርስ ልጅቷ ክፍል ታልፋለች። የሰርተፍኬቱን ሳምንት ሳይቆም ከሠራ፣ ኸላስ፣ እትዬ ነጃት ተቀጠረች።

እሷ ያኔ ዒዳ ላይ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት የማትወጣበት፣ ባዕድ ወንድ የማትቀበልበት ጊዜ ነው። እኔን ከወንድ አልቆጠረችኝም። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ከእኔ ጢም የእናቴ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ያንን ማሽን ስትሠራ ከጎኗ ነበርኩ። ከሦስት መቶ ሜጋኸርትዝ ተነሥታ አራት መቶ ሃምሳ ላይ ደረቀባት። ሁለት እርምጃ መለሰችው፤ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ አረፈ። ቀትር ላይ ሙከይፉን አጥፍታ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። ያን ቀን ቴርሞሜትሩን የምታነበው ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ላብ ይሁን እንባ አልጠየቅሁም። ወረቀቷን ለጠፈች፤ ፈረመች።

የትምህርት ቤቱ ሹፌር ማሽኑን ሊወስድ ሲመጣ እሷ ቤት መግባት አይችልም። ስለዚህ ሣጥኑ እኛ ሳሎን፣ ከእናቴ ዳንቴል ሥር ሆኖ እንዲጠብቀው ተደረገ። ሐሙስ ነበር፣ የዕረፍት ቀን። ጓደኛዬ ኤልያስ መጣ። «ይኼ ነው? ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንት ብቻ?» አለ። «የአጎቴ ልጅ ማሽን ሦስት መቶ ሃምሳ ነው።»

የእናቴን የቅንድብ መቆንጠጫ አመጣሁ። ጃምፐሯን አንድ እርምጃ ከፍ አደረግኋት። ስክሪኑ ሦስት መቶ ሰባ አራት አለ። ሳሎናችን ውስጥ ሙከይፉ እንደ አውሎ ነፋስ ይነፍሳል፤ ማሽኑ እንደ ሰጋር በቅሎ ሄደ። ኤልያስ አፉን ከፈተ። «አየህ» አልኩት፣ «እሷ ትፈራለች እንጂ ይችላል።» ካየው በኋላ ልመልሳት ነበር። እውነቴን ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሹፌሩ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። ደንግጬ ማሽኑን አጠፋሁ፣ የሣጥኑን ክዳን ገጠምኩ፣ አንድ ብሎን እጄ ውስጥ ቀረ። ሹፌሩ ከበሩ ላይ «ያላ፣ ያላ» ይላል፤ አባቴ ሣጥኑን አቀፈው። ቆይ ማለት ይበቃ ነበር። ኤልያስ እያየኝ ነበር። አላልኩም።

ሦስት ቀን ሠራ። ሙዲራዋ በስልክ መረቀቻት። እኔ በልቤ እንዲያውም አሻሻልኩላት ማለት ጀምሬ ነበር። በአራተኛው ቀን እናቶችና ልጆች ሰርተፍኬት ሊወስዱ ቢሮውን ሞሉት፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ሙከይፉ አቃተው። ስክሪኑ ደረቀ። አስነሡት፤ ደረቀ። በሦስተኛው ሲነሣ የዓመቱ ውጤት ያለበት ፋይል ተበላሽቶ አልከፈትም አለ።

ሙዲራዋ እኛ ቤት ደወለች። የእትዬ ነጃት ስልክ ከአንዋር ሞት በኋላ ተቋርጦ ነበር፤ ዐረብኛዋም ገና የሁለት ዓመት ዐረብኛ ነው። ስለዚህ እናቴ ሥራ ላይ ስትሆን አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። እጀታውን ይዤ ቆምኩ፤ እሷ ከጎኔ ሻሿን ይዛ ቆመች። መቆሙን ተረጎምኩ፤ የፋይሉን መበላሸት ተረጎምኩ፤ «በጣም አዝናለሁ፣ አልችልም» የሚለውን ተረጎምኩ።

«ስንት ዲግሪ ላይ ቆመ በላት» አለችኝ። ሙዲራዋ አታውቅም። እትዬ ነጃት ቤቷ ገብታ ደብተሯን አመጣች፤ እኛ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበች፤ ደግማ አነበበች። ከዚያ ዘጋችው።

«ሙቀቱን አሳንሼ ነው ያነበብኩት» አለች። «ያን ቀን ዓይኔ ደህና አልነበረም።»

ዒዳዋ ባለቀ በሳምንቱ ሄዱ። አባቴ ሒክማን አዝሎ ሦስት ፎቅ አወረዳት። እትዬ ነጃት መኪናው ጋ ስትደርስ ቴርሞሜትሩን በካልሲ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ላንተ ነው፣ ያ ሙሀንዲስ። አንተ ደህና አድርገህ አንብበው» አለች። አመሰግናለሁ አልኩ። መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ሒክማ በኋላ መስታወት እጇን ታወዛውዝልኝ ነበር።

በዓመቱ ገደማ በሰው እጅ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ጮክ ብላ አነበበችው። ሰላምታ፣ የዝናቡ ወሬ፣ የጎረቤት ወሬ። ስለ ሒክማ አንድ ቃል የለም። እናቴ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች፤ ከዚያ አጠፈችው። «ልጅቷ የለችም ማለት ነው» አለች። እንደዚያም ነበር፤ ደብዳቤውን ያመጣው ሰው በኋላ ነገረን። ለእኔ የተጻፉ ሁለት መስመሮች ነበሩ። «ቢኒ፣ ያ ማሽን በምን ምክንያት እንደቆመ ካወቅህ ጻፍልኝ፤ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ነው እያልኩ እተወዋለሁ፣ ግን አልተወኝም» ትላለች። አልጻፍኩላትም።

ቴርሞሜትሩ ዛሬም አለኝ። ሙራድ የልጄን ማሽን ሠርቶ ሲጨርስ ሙከይፉን አጥፍቶ እንዲፈትነው ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ልትገድለኝ ነው?» አለኝ፤ ግን አጠፋው። ሁለታችንም በርጩማ ላይ ተቀምጠን እንደ ሻማ ቀለጥን። «ይኼን ደግሞ ማን አስተማረህ?» ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠራሁ። ስለ ጃምፐሯም ነገርኩት። ስለ ስልኩ ግን አልነገርኩትም።

ሙዲራዋ ያን ቀን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት አንድ ነገር ጠይቃ ነበር። ማሽኑን ከእትዬ ነጃት ሌላ የነካ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ ካለ ጥፋቱ የእሷ አይደለምና እንደገና አያታለሁ አለች። እትዬ ነጃት ክንዴን ነካ አድርጋ «ምን አለች?» አለችኝ።

«ሰላም ብላሻለች» አልኳት። ለሙዲራዋ ደግሞ «ማንም አልነካውም» አልኳት፤ ዐረብኛዬ በጣም ጥሩ ነበር።