የካቡ ወይራ

ላፍቶ የነበረው መሬታችን ለቤት ግንባታ ሲወሰድ ከዚያ ይዤ የወጣሁት አንድ ድንጋይና አንዲት ወይራ ነው። ድንጋዩ የእርሻችን ወሰን ላይ ከነበረው ካብ ነው። ወይራዋ በካቡ መሃል የበቀለች፣ ከጣቴ የማትወፍር ችግኝ ነበረች። እናቴ ይህን ሳታይ ሞታለች። አባቴና እኔ ለቡ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ገባን። መሬታችን ላይ የቆመውን ሕንፃ በሚኒባስ ሳልፍ እስከ ዛሬ አንገቴን አዞራለሁ።

ቦንሳይ የሚባለውን፣ ዛፍን በትንሽ ሸክላ አሳጥሮ የማሳደግ ጥበብ ያየሁት በስልኬ ነው። የወይራዋን ሥሮች ድንጋዩ ላይ ዘርግቼ በሲባጎ አሰርኩ፣ አፈር አለበስኳቸው፣ ቅርንጫፎቿን በመዳብ ሽቦ ጠመዘዝኩ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ «ባል አግቢ እንጂ ችግኝ ታሳድጊያለሽ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ አፈሩን ስገልጠው ሥሮቿ ድንጋዩን ጨምድደው ይዘውታል። ቁመቷ ከክንዴ አይበልጥም፤ ግንዷ ግን ያረጀ ወይራ ይመስላል። ከመሬታችን የቀረችን እሷ ብቻ ስለነበረች እንደ ልጅ እሳሳላት ነበር።

አባቴ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም።

«ምን አጥፍታ ነው የታሰረችው?» ይሉኛል።

«እንዳታድግ ነው፣ አባዬ።»

«እንዳያድግ ተብሎ ዛፍ ይተከላል?»

እኔ እስቃለሁ። እሳቸው አይስቁም።

አንድ የጥር ቀን ከሥራ ስመለስ ድንጋዩ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። የተበጣጠሱ ሥሮች እንደተጣበቁበት ቀርተዋል። አባቴ ሽቦውን ፈትተው፣ ወይራዋን በቢላ ከድንጋዩ ፈልቅቀው፣ ከሕንፃው ጀርባ መሬት ላይ ተክለዋታል። ፍየል እንዳይበላት ብለው ዙሪያዋን እሾህ አጥረዋል። ግቢያችን ውስጥ ፍየል ገብቶ አያውቅም።

«ፈታኋት» አሉኝ። እዚህ ቤት ከገባን ወዲህ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። እራት አቅርቤላቸው እኔ ሳልበላ ተኛሁ።

ቅጠሏ ሳምንት ሳይሞላት ረገፈ። ቅርፊቷን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ውስጧ አረንጓዴ የለውም፤ ደርቃለች። አባቴ ግን ጠዋት ጠዋት ውሃ የሞላ ጀሪካን አንጠልጥለው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ደረጃውን ይወርዳሉ።

«ትይዛለች» ይሉኛል ሲመለሱ።

«ትይዛለች» እላቸዋለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ወደቁ። ደግፌ ቤት አስገብቻቸው፣ ከግንባራቸው ላይ ደሙን እየጠረግኩ፣ ከዚህ በላይ መዋሸት አቃተኝ።

«አባዬ፣ ወይራዋ እኮ ደርቃለች። ከእንግዲህ አይውረዱ።»

«ገበሬ አይደለሁ እንዴ? የደረቀ እንጨት ይጠፋኛል?» አሉ። «ቅጠሏ ሲረግፍ ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ውሃ ለምን ያጠጧታል?»

በረንዳው ላይ ወደ ቀረው ድንጋይ ዞር አሉ።

«ማጠጣቱንም ብተወው፣ ጠዋት ለምን እነሳለሁ?»

ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ። በነጋታው ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ እንዳይከብዳቸው ጀሪካኑን እስከ ግማሽ ሞልቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩላቸው።