ዜሮን ብቻ ተክቶ

ታላቅ ወንድሜ ማትሪክን ያለፈው ምርጫዎቹን መልሶ ጥያቄው ውስጥ እየከተተ ነው። የገባው መልስ ነው፣ ያልገባው ይሰረዛል። ለመተካት የሚወደው ቁጥር ደግሞ ዜሮ ነው፤ ሥራ ያቀላል። ዳላስ መጥቶ ሹፌር ከሆነ በኋላም ይህን ዘዴውን አልተወም።

እኔ ያኔ ኤርፖርት እየሠራሁ፣ ከሥራ መልስ ኮሌጅ እማር ነበር። ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የሚባለውን የሂሳብ ኮርስ ካለፍኩ ኢንጂነሪንግ እገባለሁ፣ ከወደቅኩ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ወንድሜ ገና አገሩን በረገጥኩ ሰሞን «ሂሳብ ላንቺ አይሆንም፣ ነርሲንግ ግቢ» ብሎኝ ነበር። እልህ ይዞኝ ተመዘገብኩ።

ከመጨረሻው ፈተና በፊት ባለው ቀን ከሥራ ወሰደኝ። ዳላስ አጠገብ ዩለስ በምትባል ከተማ ያለው አፓርታማዬ ደጃፍ ላይ ፓርክ አድርጎ የመለማመጃ ወረቀቴን ተቀበለኝ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ የዋይ ዴሪቬቲቭ ዋይ ሲደመር ኤክስ ነው፤ ዜሮ ላይ ዋይ አንድ ነው። ኢ ቱ ዘ ኤክስ መፍትሔ ይሆናል?

«ዜሮ ተኪ» አለ። «በግራ አንድ፣ በቀኝም አንድ። ሶ፣ ልክ ነው። ቀጥዪ።»

«ልክ አይደለም።»

«አሁን ቼክ አደረግነው እኮ!»

«ዜሮ ላይ ብቻ። የኢ ቱ ዘ ኤክስ ዴሪቬቲቭ ራሱ ስለሆነ በግራ ኢ ቱ ዘ ኤክስ አለ፤ በቀኝም እሱው ራሱ አለ፣ ግን ኤክስ ተደምሮበታል። ዜሮ ላይ ያ ትርፍ አይታይም። እስቲ አንድን ተካ።»

ተካ። በቀኝ በኩል አንድ ተረፈ። ሁለትን ተካ፤ ሁለት ተረፈ። ሦስትን ሊተካ ጀምሮ ተወው።

«ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?»

«ሁለት ኢ ቱ ዘ ኤክስ፣ ሲቀነስ ኤክስ፣ ሲቀነስ አንድ።»

ዴሪቬቲቩን ወስጄ ግራና ቀኙን ጎን ለጎን ጻፍኩለት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኑ፤ ምንም ቁጥር መተካት አላስፈለገም። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

«መፍትሔ የሚባለው በሁሉም ቁጥር ሲሠራ ነው» አልኩት። «እኔንም የፈተንከኝ ዜሮ ላይ ነው፤ ገና በመጣሁ ሰሞን፣ ሂሳብ ላንቺ አይሆንም ስትለኝ።»

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው? እኔ አደርስሻለሁ» አለ።

አለፍኩ። አሁን ኢንጂነሪንግ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ወንድሜ መኪናው ውስጥ ሐበሻ በገባ ቁጥር «እህቴ ኢንጂነር ልትሆን ነው፤ ሂሳብ ያስጠናኋት እኔ ነኝ» ይላል። ይህቺን እንኳ ቼክ አላደርግበትም።