ሰው ያልተቀመጠበት ፈረስ

እህቴ ሸዋረጋ የወታደር ሰልፍ ትወድ ነበር። በቴሌቪዥን ሰልፍ በሚታይበት ቀን አየር ጤና ያለውን የሽንኩርት መደብሯን በጊዜ ዘግታ ትመጣና ዱካዋን ስባ ከቴሌቪዥኑ ሥር ትቀመጣለች። የማርሽ ባንዱ ሲመታ ጣቷ በጉልበቷ ላይ አብሮ ይመታል። ዓይኗ ግን የሰልፈኞቹን ፊት አንድ በአንድ እየለቀመ ይፈልግ ነበር።

ባሏ አሥር አለቃ መዝገቡ፣ ልጃቸው ሄቨን ገና ጡት ሳትጥል ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄደ። ከአየር ጤና ፌርማታ የሸኘነው እኔና እርሷ ነን። አልተመለሰም። መርዶ ነጋሪዎች በማለዳ ሲመጡ፣ "ሬሳውን ያየ ከመካከላችሁ ማን ነው?" ብላ ጠየቀች። ያየ አልነበረም። ስለዚህ ጥቁር አልለበሰችም፤ የእድሩም ድንኳን አልተተከለም። እኔም የሰው ወሬ ቶሎ የማላምን በመሆኔ አልተጫንኳትም።

ዓመታት አለፉ። ሄቨን አድጋ ለንደን ገባች፤ ባለፈው ዓመትም እናቷንና እኔን ለጉብኝት ወሰደችን። የንጉሣቸው ዘበኞች ሲቀያየሩ ለማየት በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ቆምን። ቀይ ለብሰዋል፤ ጥቁር ጠጉራም ባርኔጣቸው የድሮ ጀግኖችን ጎፈር ይመስላል። ሕዝቡ ስለተጋፋ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

"ወንድም ጋሼ፣ አጨብጭብ እንጂ!" አለችኝ እህቴ። "ማን ይሰርቅሃል? ይኼ ሁሉ ዘበኛ ቆሞ!"

"ዘበኛ የሚበዛው ሌባ ቢኖር ነው" አልኳት።

ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር።

ቀጥሎ ፈረሰኞቹ መጡ። ከኋላቸው አንድ ወታደር ሌላ ፈረስ በልጓሙ እየሳበ አለፈ። ፈረሱ ኮርቻ ተጭኗል፤ ሰው ግን አልተቀመጠበትም። በአባታችን አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ እንዲሁ ተጭኖ፣ ባዶውን በለቅሶው መካከል ይሳባል።

"ማን ነው የሞተው?" አለች ሸዋረጋ።

"ማንም አልሞተም እማዬ፤ ተቀያሪ ፈረስ ነው" አለቻት ሄቨን።

አልሰማቻትም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፤ ደረቷን እየመታችም "መዝገቡዬ! መዝገቡዬ!" ብላ ጮኸች። በዙሪያችን ያሉት ሰዎች ስልካቸውን ወደ እርሷ አዞሩ። ኮቴን አውልቄ ከለልኳት። አባቷን በፎቶግራፍ ብቻ የምታውቀው ሄቨንም እናቷን አቅፋ አብራ አለቀሰች።

ኮልፌ ሰፈራችን እንደተመለስን ሸዋረጋ ድንኳን እንዲተከልላት የእድሩን ዳኛ ጠየቀች።

"እትዬ ሸዋረጋ፣ ያኔ ለምነንዎት እምቢ ብለው ነበር" አሏት። "ዛሬ ምን አዩ?"

"ፈረሱን" አለች።

ድንኳኑ ተተከለ። እኔ ደግሞ ፈረስ እንድፈልግ ታዘዝኩ። ገዳ የሚባል በጋሪ ብሎኬት የሚያመላልስ ሰው፣ ፈረሱን ለምን እንደፈለግነው ሲሰማ ኪራይ አልቀበልም አለ። ይህም ስላጠራጠረኝ ልጓሙን ራሴ ያዝኩ። ኮርቻ አልነበረንም፤ ጋቢ አለበስነውና በላዩ የመዝገቡን የወታደር ቀበቶ አሠርንበት። ባሏን እስከሸኘችበት ፌርማታ ድረስ እንዲሳብላት ፈልጋ ነበር።

እድርተኛው እያለቀሰ ተከተለን። ፈረሱ ግን ሁልጊዜ ከሚጫንበት ከብሎኬት ማምረቻው በር ሲደርስ ቆመ። ብስበው እምቢ አለ። ለቅሶውም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ሰው ሁሉ ያየን ጀመር። ገዳ አፍሮ አለንጋውን አነሳ።

"ተው፣ አትምታው" አለችው እህቴ። "ለምዶት ነው።"

ወደ ፌርማታው አቅጣጫ ጥቂት አየች። ከዚያም ቀበቶውን ፈትታ በክንዷ ላይ ጠቀለለችው።

"እዚህ ይብቃው" አለች። "እንመለስ።"

ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን ሰልፍ ታይቷል። ሸዋረጋ ግን መደብሯን እስኪመሽ አልዘጋችም።