እንዲያውቁት ያህል

ዛሬ ጠዋት ሆሳዕና ከተማ ያለው ቢሮዬ ገብቼ ኮምፒውተሬን ስከፍት አንዱ ጉረኛ ባልደረባዬ ለአንዲት የተሰበረች ወንበር ብሎ አሥራ አንድ ሰው «ሲሲ» ያደረገበት ኢሜይል ጠበቀኝ። ሲሲ ምን ማለት እንደሆነ ብጠይቀው «ያው ሲሲ ነዋ፣ እትዬ!» አለኝ። የካርቦን ግልባጭ ማለት መሆኑን የት ሰምቶ፤ ያንን ቅጂ ለማውጣት በገጾች መሃል የሚገባ፣ ጣት የሚያጠቁር፣ ሰም ሰም የሚል ስስ ወረቀት በዓይኑም አላየው። እኔ ግን ሽታው እስካሁን አልለቀቀኝም።

አባቴ ዳምቦያ ያስተምር ነበር፤ እኛ ልጆቹ ደግሞ ከታመመችው እናታችን ጋር ሆሳዕና። ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ይመጣና እሑድ ከጸሎት መልስ ይሄዳል፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። አጠገቧ እንዲሆን ብሎ ዝውውር ጠየቀ። ጥያቄው መቅረቡን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈና ለእሱ የደረሰው ከካርቦኖቹ ሁሉ ሥር የወጣው፣ መስኮት ላይ ካልተለጠፈ የማይነበበው ቅጂ ነበር። እሱን «መ/ር»፣ እናቴን «ወ/ሮ» ብለው በእዝባር ቆርጠዋቸዋል። ከታች፣ «ግልባጭ» ከሚለው ሥር ግን ስድስት መሥሪያ ቤት ከነሙሉ ስሙ ተደርድሯል፤ ለእያንዳንዱም «እንዲያውቁት» ይላል።

አወቁት፤ ስድስቱም አወቁት። አባቴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት አንዷ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «መምህር፣ ምን ያስቸኩልዎታል? ለሁሉም ደርሷል እኮ!» አለችው። ኃላፊ ተብዬው ሁሉ ሌላው ይወስናል ብሎ ግልባጩን ፋይል ውስጥ ይወሽቅና ሻዩን ሊጠጣ ይወጣል። እነዚያን ሰዎች ዛሬም እንቃቸዋለሁ። ክፉዎች ቢሆኑ እንኳ ይሻል ነበር፤ ክፋት ቢያንስ ትንሽ ሥራ ይጠይቃል።

ዝውውሩ የተፈቀደው እናቴን በቀበርን በሦስተኛው ሳምንት ነው። ደብዳቤው «ባለቤታቸው በመታመማቸው» ይላል፤ ስድስቱ ግልባጮችም አልቀሩም። አባቴ ጓዙን ጠቅልሎ ገባ፤ ሰኞም ማክሰኞም ከእኛው ጋር እራት ይበላ ጀመር፤ ከአልጋዋ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ወደ ባዶው ፍራሽ ሳያይ።