ርዕሰ ብሔሩ ዝም ሲል

ልጅ ሳለሁ፣ ወልቂጤ ላይ መብራት በሄደ ቁጥር አያቴ ተረት ይጀምሩ ነበር። ኩራዙ ይጨሳል፣ ፍሙ ዳር ቆጮው ይሞቃል፣ እኔም ጉልበታቸው ሥር እሸጎጣለሁ። ያኔ አባቴ፣ የእሳቸው የበኩር ልጅ፣ በጠብ ሰው ገድሎ ሞት ተፈርዶበት፣ ይግባኙም ውድቅ ሆኖ ታስሮ ነበርና፣ አንበሳውና ጦጣዋ ቀርተው ተረቱ ሁሉ ስለ ንጉሥ ሆነ። ንጉሡ «ይሙት» ሊል አፉን ሲከፍት አንዲት ሴት ትደርስና ልቡን ታራራዋለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ዕቃ የምታጥብ መስላ ታዳምጣለች።

አንድ ቀን የሥነ ዜጋ መምህራችን፣ ከጎንደር የመጡ ድምፃቸው ከፍ የማይል ሰው፣ የርዕሰ ብሔሩን ሥልጣን አስተማሩን። አምባሳደር ይሾማል፣ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሲያቀርብለት ነው። ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ ይፈርማል፣ ግን በአሥራ አምስት ቀን ባይፈርም ሕጉ ያለ እሱ ሥራ ላይ ይውላል።

«ታዲያ ምን ይሠራል?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እናቴ ለጎረቤት «የቀረው የርዕሰ ብሔሩ ፊርማ ብቻ ነው» ስትል ሰምቼ ነበር፤ የአባቴ ይግባኝ ውድቅ ከተደረገ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን ካለፈ ቆይቷል።

የዚያን ዕለት ማታ አያቴ ንጉሡን ዙፋኑ ላይ እንዳስቀመጡት አቋረጥኳቸው። «አባባ፣ ንጉሡ ዝም ቢልስ? ይሙትም ይዳንም ባይል?»

ፍሙን ቆሰቆሱ። «ዝም ካለማ ተስማማ ማለት ነው፣ ልጄ።»

የእናቴ እጅ ሳህኑ ላይ ቆመ። እኔ እራቴን አልበላሁም፤ ለምን እንደሆነም አልተናገርኩም፤ ከተናገርኩት የሚሆን እየመሰለኝ ፈራሁ።

በማግስቱ መምህሩን በር ላይ ጠበቅኳቸው። «ቲቸር፣ ሰው ለመግደልም አሥራ አምስት ቀን ነው?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «የለም፣ የለም የኔ ልጅ! እሱ ለሕግ ነው። የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸናው አይፈጸምም። ዓመትም ይሁን አሥር ዓመት ዝም ቢል፣ አይፈጸምም።»

«ዝም ካለ ይኖራል?»

«ዝም እስካለ ይኖራል» አሉ።

ቤት ድረስ ሮጥኩ። አያቴ ሰምተው ሲያበቁ «ርዕሰ ብሔር? የየትኛው ብሔር?» አሉ። «የኛው ጉራጌ ከሆነ ሽማግሌ እንላክበት እንጂ!» እኛ ዘንድ ደም የሚደርቀው በሽማግሌ ነውና የምራቸውን ነበር። የሁሉም ርዕስ ነው ብዬ ባስረዳቸው «የሁሉም ከሆነማ የማንን ሽማግሌ ይሰማል?» ብለው ተከዙ። እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ የአያቴ ንጉሥ አፉን የማይከፍት ሆነ። ባለሟሎቹ ሰነፍ ይሉታል፣ ሕዝቡ ዲዳ ነው እያለ ያማዋል፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ዝም። «መጨረሻውስ?» ስላቸው ይቆጡ ነበር። «ይህ ተረት ባይጨረስ ነው የሚሻለው!»

አያቴ ካረፉ ቆዩ። አሁን ቡታጅራ ነው የምኖረው። ሻይ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑ አዲስ ርዕሰ ብሔር ቃለ መሐላ ሲፈጽም ባሳየ ቁጥር፣ ሰዎቹ ሪባን ከመቁረጥ ሌላ ምን ሥልጣን አለው ብለው ይሳለቃሉ። አልከራከርም። እኔ እጁን ነው የማየው፤ ብዕር እንዳያነሳ እለምናለሁ። አባቴ የገደለው ሰው ልጆችም የሆነ ቦታ ተቀምጠው ያንኑ እጅ እያዩ ተቃራኒውን ይለምኑ ይሆናል፤ ይህን ሳስብ ጸሎቴን ሳልጨርስ አቋርጣለሁ።

ባለፈው እሑድ አባቴን እስር ቤት ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ጥርሱ ረግፏል፣ ጸጉሩ ጥጥ መስሏል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። እንዲህ ማርጀቱን ሳይ ደስ አለኝ።